ጋሪን በግቢ ውስጥ በእጅ ስለ ማንቀሳቀስ

ጋሪን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። ከገበያ እህል ሲያመጣ፣ ውኃ ሲያመላልስ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ተሸክሞ በአስፋልቱ ዳር ሲሄድ ሁላችንም አይተነዋል። ነገር ግን ፈረሱ ወይም አህያው ከተፈታ በኋላ ያ ጋሪ እንዴት ወደ ግቢ እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚዞርና በምን ተይዞ እንደሚያድር ቆም ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጉዳይ በተቻለ መጠን አብራርቶ ማቅረብ ነው።

ቦዲቲን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንናገር። ቦዲቲ በወላይታ ምድር፣ ከዳሞታ ተራራ ብዙ ሳትርቅ፣ ከሻሸመኔ በአላባ በኩል ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መሬቱ ወጣ ገባ ነው፤ አፈሩም ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከቤቱ ፊት የሣር መስክ፣ በጓሮውም እንሰት ይኖራል። ዛሬ ሰው የሚያመላልሰው በአብዛኛው ባጃጅ ቢሆንም፣ ጓዝና እህል የሚጫንበት ጋሪ ከነሥራው አለ። ስለዚህ ከመንገድ ዳር እስከ ጓሮ ያለችው ያቺ ሠላሳ ወይም አርባ እርምጃ፣ ከገበያ እስከ በር ካለው ረጅም መንገድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ታስቸግራለች። በመንገዱ ላይ የሚጐትተው እንስሳ ነው፤ በግቢው ውስጥ ግን የሚገፋው ሰው ነው፤ ይኸውም አባት፣ እናት፣ ልጆችና ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ የተመለሰ ተማሪ ናቸው።

ስለዚህ ነገር መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚለን ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በዚች አጭር መንገድ ላይ ጣት ይጨፈለቃል፣ ወገብ ይታመማል፣ ከኋላ ድንጋይ እንዲያቀብል የታዘዘ ሕፃንም አደጋ ይደርስበታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰዎቹ ጉልበት ስላነሳቸው አይደለም። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ጋሪው እንዴት እንደሚነሣ ብቻ ታስቦ እንዴት እንደሚቆም ሳይታሰብ ሥራው ስለሚጀመር ነው። እንግዲህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚታወስ ቢሆን፣ ማቆሚያው ሳይዘጋጅ ጋሪ አይነካም የሚለው ይሁን።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ጋሪ ማለት በአንድ ዘንግ ላይ በሁለት መንኰራኵር የተቀመጠ ሚዛን ነው። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ብቻውን ይቆማል፤ ጋሪ ግን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መድፋቱ አይቀርም። ከፊቱ የወጣው መጐተቻ የሚዛኑ ክንድ ነው። ይህም ለጋሪ ብቻ የተሰጠ ጠባይ አይደለም። በውጭ አገር ሰዎች ትንንሽ ጀልባዎቻቸውን በግቢያቸው የሚያስቀምጡት እንደዚሁ ባለ ሁለት ጐማ በሆነ ተጐታች ላይ ነው፤ መኪናው ከተፈታ በኋላ ከጓሮ እስከ በር በእጃቸው ይገፉታል። እነርሱ ከመጐተቻው ጫፍ አንዲት ትንሽ ጐማ ስለሚገጥሙለት ክብደቱን ሰው አይሸከምም። የእኛ ጋሪ ይህች ጐማ የለችውም፤ የእርሷን ሥራ የሚሠራው የሰው ክንድ ነው። የጣና ባላገር ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፤ ታንኳው ከደንገል የተሠራች ቀላል ስለ ሆነች ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቃታል እንጂ መንኰራኵር አያበጅላትም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደቱ ያለው የት ላይ ነው የሚል ነው። ጋሪው ራሱ 100 ኪሎ ቢመዝንና 2 ኩንታል እህል ቢጫንበት ጠቅላላው 300 ኪሎ ይሆናል። ከዘንጉ እስከ መጐተቻው ጫፍ 2 ሜትር ነው እንበል። የጭነቱ ማዕከል በትክክል በዘንጉ ላይ ቢያርፍ በመጐተቻው ጫፍ ላይ ምንም ክብደት አይኖርም። ማዕከሉ ከዘንጉ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ ግን፣ 300ን በ20 አባዝተን ለ200 ስናካፍል 30 ኪሎ በያዡ እጅ ላይ ይወድቃል። 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድ ደግሞ ያው 30 ኪሎ ተገልብጦ መጐተቻውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጐንበስ ብሎ የያዘውን ሰው አገጩን የሚመታው ይህ ነው። ማዕከሉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቢሆን በእጅ ላይ የሚያርፈው 7 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ሰው ሳይቸገር የሚይዘው ነው። የጀልባ ተጐታች በመኪና ሲሳብ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ በመጐተቻው ላይ እንዲያርፍ የሚመከረው ከኋላ ከባድ ሆኖ በመንገድ ላይ እንዳይወላገድ ነው። በእጅ ሲገፋ ግን ወደ ዝቅተኛው ማዳላት ይሻላል። እንግዲህ መግፋት ከመጀመሩ በፊት አንዱን ጆንያ አንድ ክንድ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዛወር የሁለት ሰው ጉልበት ያተርፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መሬቱ ምን ያህል ይጠይቃል የሚል ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ጋሪ ጐማው በደንብ ተነፍቶ በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ቢቆም፣ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ለማስኬድ 5 ኪሎ ያህል ግፊት ይበቃዋል። በተጠቀጠቀ አፈር ላይ ወደ 15 ኪሎ ይደርሳል። ጐማው በሚሰምጥበት ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ 60 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ዳገት ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚነሣ መሬት የክብደቱን አንድ አሥረኛ፣ ማለት 30 ኪሎ በላዩ ይጨምርበታል። አንድ ጤነኛ ወንድ ጋሪን ሲያስነሣ ወይም ሲያቆም ከ20 ኪሎ ግፊት፣ እያስኬደ ሲሄድም ከ10 ኪሎ ባይበልጥ መልካም እንደ ሆነ፣ ለሴት ደግሞ 15ና 7 ኪሎ እንደሚሻል በእንግሊዝ አገር የሚሠራበት የሥራ ደኅንነት መመሪያ ይገልጻል። ይህን ቍጥር ከላይኛው ጋር ያስተያየ ሰው፣ በሜዳ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃው ሥራ በዳገት ላይ ሦስት ወይም አራት ሰው እንደሚፈልግ ራሱ ይደርስበታል።

ከዚህ በኋላ ዝግጅቱ ይመጣል። አስቀድሞ ጐማው ይታያል። የረገበ ጐማ በተለይ በደረቅ መሬት ላይ ሸክሙን ያበዛል፤ ካላማዳሪው ቀዳዳ ቢኖረው ሳይጫን ወደ ጎሚስታ መላክ ይገባል። ቀጥሎ መንኰራኵሩ ከመሬት ብድግ ተደርጎ በእጅ ይሽከረከራል፤ የሚንቋቋ ከሆነ ኵሽኔታው ግራሶ ይፈልጋል። ቀጥሎ መንገዱ ይጠረጋል። አንዲት የእጅ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ በመንኰራኵሩ ፊት ብትገኝ ሰዎቹን ሁሉ ታቆማቸዋለች፤ ድንገት ስታልፉአትም ጋሪው ይዘላል። በመጨረሻ ታኮ ይዘጋጃል። ታኮን የምናውቀው ከጭነት መኪና ረዳት እጅ ነው። መኪናው በዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጐማው ኋላ ይሸጕጠዋል። ለጋሪም የሚያስፈልገው እርሱው ነው፤ ከጠንካራ እንጨት በአንድ በኩል ሰያፍ ሆኖ የተጠረበ፣ ቁመቱ የመንኰራኵሩን አንድ አራተኛ ያህል የሆነ፣ ሁለት ታኮ። ክብ ድንጋይ ታኮ አይሆንም፤ ራሱ ይንከባለላልና። ታኮው ረዘም ያለ እጀታ ወይም ገመድ ቢኖረው ደግሞ፣ የሚያኖረው ሰው ጣቱን ከመንኰራኵሩ ሥር ማስገባት አያስፈልገውም።

አሁን መግፋት ይቻላል። የሚገፋ ሰው አንድ እግሩን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ክንዱን ዘርግቶ በእግሩ ይገፋል እንጂ በወገቡ አይታገልም። በተቻለ መጠን ከመጐተት መግፋት ይሻላል፤ የሚጐትት ሰው ፊቱን ወደ ጋሪው ቢያዞር የሚረግጠውን አያይም፤ ጀርባውን ቢሰጥ ደግሞ ጋሪው ተረከዙን ይደርስበታል። ጋሪው አልነሣ ሲል ሰዎች ወርደው መንኰራኵሩን ከላይ ይይዙና ወደ ፊት ያዞሩታል። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለው። መንኰራኵር በሚሽከረከርበት ጊዜ መሬት የነካው ነጥብ እንደ ቆመ ይቈጠራል፤ ከዚያ ነጥብ እስከ ዘንጉ ያለው ርቀት አንድ ቢሆን እስከ ላይኛው ጫፍ ያለው ሁለት ነው። ስለዚህ የመንኰራኵሩን አናት የሚገፋ ሰው የጋሪውን አካል ከሚገፋው ሰው ግማሽ ኃይል ይበቃዋል። በአጸፋው እጁ እጥፍ መንገድ ይሄዳል፤ ተፈጥሮ በነፃ የምትሰጠው የለምና። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ጐማውን ከውጭ ይያዝ፤ ጣቱን በመንኰራኵሩ ክፍተት ውስጥ አያግባ።

በአማርኛ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሎሚ መንኰራኵር የለውም። በጋሪ ዙሪያ የተሰበሰቡ ስድስት ሰዎች ስድስት ልዩ ልዩ ትእዛዝ ቢሰጡ ከሁለት ሰው ያነሰ ይሠራሉ፤ ይባስ ብሎም አንዱ ሲለቅ ሌላው ይደርስበታል። ስለዚህ አዛዡ አንድ ይሁን፤ እርሱም መንገዱንም ታኮውንም ከሚያይበት ስፍራ ይቁም። «ግፋ» እና «ቁም» የሚሉት ሁለት ቃላት ይበቁታል። «ቁም» ሲባል መጀመሪያ ታኮው ይገባል፤ ሰዎቹ እጃቸውን የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው።

በጠባብ በር ማስገባት ሌላው ችግር ነው። ጋሪው ወደ ኋላ እየተገፋ ሲገባ፣ መጐተቻው ወደ ቀኝ ሲሄድ የኋላው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን ያልተለማመደ ሰው በሩን ይገጫል። የሚሻለው ዘዴ በትንሽ በትንሹ ማረም ነው፤ አንድ እርምጃ መግፋት፣ ማየት፣ መጐተቻውን ጥቂት ማዛወር። በቦታው ላይ ማዞር ካስፈለገ ግን በአንደኛው መንኰራኵር በፊትም በኋላም ታኮ አድርጎ መጐተቻውን ወደ ጐን መግፋት ነው። ያን ጊዜ ጋሪው የታሰረውን መንኰራኵር እንደ ምሰሶ ይዞ ይዞራል፤ መጐተቻውም ረጅም ክንድ ስለ ሆነ አንድ ሰው ያዞረዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ተዳፋት ነው። በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ 300 ኪሎው ጋሪ ቢያመልጥ፣ 10 ሜትር እንደ ተንከባለለ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን በደረቱ ሊያቆም የሚሞክር ሰው፣ በብስክሌት ፍጥነት የሚመጣ 3 ኩንታል ለመቀበል እንደ ቆመ ይወቀው። የሚያመልጥ ጋሪ ይለቀቃል፤ እህል ይታፈሳል፤ የተሰበረ ጋሪም ይጠገናል። ስለዚህ ከጋሪው በታች፣ በተዳፋቱ በኩል ማንም አይቁም። ሽቅብ ሲገፋ ገፊዎቹ ከኋላ መሆናቸው ግድ ስለ ሆነ፣ በሁለቱ መንኰራኵሮች አጠገብ ከጐን ሆነው ታኮ ይዘው የሚከተሉ ሁለት አዋቂዎች ያስፈልጋሉ፤ በየአንድ እርምጃው ታኮውን ያስጠጋሉ። ይህ ሥራ ቀላል ስለሚመስል ለልጆች ይሰጣል፤ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ለልጅ መከልከል ያለበት ሥራ ይህ ነው እንላለን።

በተዳፋት ላይ ሚዛኑም ይለወጣል። የጭነቱ ማዕከል ከዘንጉ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከላይ ባልነው ተዳፋት ላይ ያ ማዕከል 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታችኛው ጐን ይዞራል። በሜዳ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የነበረው ጭነት፣ መጐተቻው ወደ ዳገቱ ሲያመለክት ከዘንጉ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በሜዳ ላይ ለእጅ የከበደው መጐተቻ ዳገት ሲጀምር በ10 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ላይ ይነሣል። መድኃኒቱ ጭነቱን ዝቅ አድርጎ መጫንና፣ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ጥቂቱን ወደ መጐተቻው ማስጠጋት ነው።

ጋሪውን ቁልቁል ማውረድ ሲያስፈልግ ገመድና ዛፍ የሰውን ጉልበት ይተካሉ። ጠንካራ ገመድ ከዘንጉ አጠገብ ካለው ብረት ላይ ይታሰርና፣ ከላይ በኩል ባለ ሥሩ በያዘ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይጠመጠማል። በሰበቃው ምክንያት ገመዱ አንድ ሙሉ ዙር ሲጠመጠም የሚይዘው ሰው ከጭነቱ ስበት አንድ ስድስተኛ ያህሉን ብቻ ይሸከማል፤ ሁለት ዙር ሲሆን ከአርባ አንድ ገደማ። ከላይ በጠቀስነው ተዳፋት ላይ የአፈሩ መጎተት ከተቀነሰ በኋላ ጋሪው ገመዱን የሚስበው በ45 ኪሎ ያህል ነው። ይህንን በአንድ ዙር 7 ኪሎ፣ በሁለት ዙር ከ2 ኪሎ ያነሰ ያደርገዋል። እንግዲህ አንዲት እናት ገመዱን ቀስ እያለች በመልቀቅ ሦስት ጐልማሶች የማይችሉትን ጋሪ ታወርዳለች። ገመዱን በክንድ ወይም በወገብ ላይ መጠምጠም ግን ከቶ አይገባም፤ ቢያመልጥ ሰውየውን ይዞት ይወርዳልና።

ይህን የሚመስል ሥራ በታሪካችን በታላቅ መጠን ተሠርቷል። በ1859 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል፣ ማለት 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በዚያው ዓመት በመጋቢት መቅደላ ሲደርሱ ይህን መድፍ በመንኰራኵር ላይ አስቀምጠው፣ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በገመድ እየጐተቱት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አሻግረው ነበር። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሰዎቹ ጉልበት ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላው ወገን ነው፤ መድፉ ከመሄዱ በፊት መንገድ ይሠራለት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር በዚያን ጊዜ ከእርሳቸው ጋር የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። 70 ኩንታል ያሻገረ ሕዝብ መጀመሪያ ያደረገው መሬቱን ማስተካከል ነው። ለ3 ኩንታልም ሕጉ ያው ነው።

በክረምት ቀይ አፈር ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ጐማው ከሰመጠ በኋላ ሰው መጨመር ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ እግራቸው ስለሚያንሸራትት ግፊታቸው ወደ መሬት አይደርስምና። የሚሻለው ከመስመጡ በፊት ሁለት ሳንቃ በጐማዎቹ መንገድ ማንጠፍ፣ ጋሪው በላያቸው ሲያልፍ የኋላውን አንሥቶ ወደ ፊት ማድረግ ነው። ሳንቃ ካልተገኘ ጠጠር ወይም ቀጭን ግንድ ይረዳል። ይህም ካልሆነ ጋሪውን አራግፎ ባዶውን ማስገባት፣ ጆንያውን ደግሞ በትከሻ ማመላለስ ነው። ግማሹን ሁለት ጊዜ መውሰድ ሙሉውን አንድ ጊዜ ከመውሰድ ያፈጥናል። ጋሪው ከቆመ በኋላ ከመጐተቻው ሥር ድጋፍ እንጨት፣ ከሁለቱም መንኰራኵሮች በፊትና በኋላ ታኮ ይደረግ፤ ልጆች ያልተደገፈ ጋሪ ላይ ሲወጡ ይደፋልና።

ከዚህ በላይ የተነገረውን አብዛኛውን የጋሪ ሠራተኛ ያውቀዋል፤ ቀመሩን ባይጽፈውም በእጁ ያውቀዋል። ታኮውን የሚያኖርበትን ጊዜ፣ ጆንያውን የሚያስጠጋበትን ልክ ከእርሱ ተምሮ ምክንያቱን መናገር የእኛ ድርሻ ነው። ስለ ክንድና ስለ ሚዛን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረን ፈተና አልፈናል፤ ያንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የቀረ ትምህርት ወደ ግቢያችን ብናወርደው ምን ይጐዳናል? በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ቦዲቲም ይሁን ሌላ ስፍራ፣ መጽሐፋችንን ከማውጣታችን በፊት አንድ ግንድ ፈልገን ሁለት ታኮ እንጥረብ። እጀታውም ረጅም ይሁን።